ቀለም ጠጪና ዝናብ ቻይ ፊደላት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ ከእኔ ጋር መንገድ መሄድ አቁማለች። እውነቷን ነው። ከቤታችን እስከ እንጅባራ መናኸሪያ ሩብ ሰዓት የማይሞላውን መንገድ እኔ አንድ ሰዓት አደርገዋለሁ። የምቆመው ሰው ሰላም ለማለት አይደለም፤ የሱቅ ሰሌዳ ለማንበብ ነው። አንብቤም ዝም አልልም። «ይቺን ‘መድኃኒት ቤት’ የምትል ጽሑፍ ተመልከቻት፤ ጉም ሲወርድ ማን ያነባታል?» እላለሁ። «ይኼ ባጃጅ ከኋላው የለጠፈውን አየሽው? ለለቅሶ በሚሆን ፊደል ‘ደስታ’ ብሎ ጽፏል!» እሷም «የታመመ ሰው መድኃኒት ቤቱን አያጣውም፤ አንተ ዝም ብለህ ተራመድ» ትለኝና ቀድማኝ ትሄዳለች።

ምን ላድርግ? ዕድሜዬን በሙሉ እንጀራዬን የበላሁት በፊደል መልክ ነው። ዓይኔ ከዚህ ሌላ ሥራ አልለመደም። አሁን ጊዜ ስላለኝ ያየሁትንና ያበላሸሁትን እጽፋለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ጋሽ አንተነህ ስለሚባሉት ሰው ልጽፍ እፈልጋለሁ።

ሥራ የጀመርሁት ዳንግላ ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ፈተና አባዥ ሆኜ። በሰም የተቀባ ወረቀት በታይፕ እየመታሁ፣ ከማባዣው ላይ እየወጠርሁ፣ እጀታውን አዞር ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ፈተና ይሰረቃል ብለው በጣም የሚሰጉ ሰው ስለነበሩ በሩን ከውጭ ቆልፈውብኝ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ምሳ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ረስተውኝ ቤታቸው ገቡ፤ ያወጣኝ የቄስ ትምህርት ቤት አስተማሪ የነበረ ጥበቃ ነው፤ በመስኮት። ከዚያ አንድ ቢሮ በታይፒስትነት ተዛወርሁ። የዚያኛው አለቃዬ ደግሞ ደብዳቤ ሁሉ ሦስት ጊዜ ያስጽፉኛል፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆኖ ይወጣል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር። ታይፕ ፈጣን ስለነበርሁ እንጅባራ የተከፈተ ማተሚያ ቤት ፈለገኝ፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር የሚሏት ከተማችን ያን ጊዜ ገና መንገዷ ጭቃ ነበር።

ጋሽ አንተነህን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ከሰው ይልቅ ወረቀት የሚያዩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ ማለት ከእርሳስ የተቀረጸውን እያንዳንዱን ፊደል ከሳጥኑ በጣታቸው እየለቀሙ መስመር የሚደረድሩ። የግራ እጃቸው አውራ ጣት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ጠመም ያለ ነው። የእርሳሱ ዘመን አልፎ ኮምፒዩተር ሲመጣ አገራቸው ገቡ፤ እኛ ዘንድ የኅትመት ዝግጅት ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

የመጀመሪያ ቀን የሠራሁትን የስብሰባ መጥሪያ አሳየኋቸው። በስክሪኑ ላይ አላዩትም። «አትመውና አምጣው» አሉ። አተምሁ። ወረቀቱን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። የቀን ብርሃን ላይ ክንዳቸውን ሙሉ ዘርግተው አዩት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት፤ ከዚያ ገልብጠው ቁልቁል ይዘው አዩት። በመጨረሻ ጥበቃውን ጠርተው «አንብብልኝ» አሉት። ጥበቃው ሁለት ቃል ላይ ተደናቀፈ። «በል፣ እነዚህ ሁለቱን አስተካክል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የማንበብ ልምድ ስለሌለው ነው» አልሁ።

«መጥሪያው የሚሄደው ለማን ነው?»

«ለገበሬዎች።»

«እንግዲያ ዳኛው እሱ ነው፤ እኔም አይደለሁ፣ አንተም አይደለህ።»

በዚህ ልማዳቸው ስንት ጊዜ እንደተናደድሁ አይጠየቅም። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ እሳቸው ወረቀቱን ገልብጠው ይይዛሉ። ነገር ግን በሠሩበት ዘመን ሁሉ ከእጃቸው የወጣ ሥራ ‘አልነበብ አለን’ ተብሎ ሲመለስ አላየሁም። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ መቀመጥ ትልቅ ዕድል እንደሆነ የገባኝ ግን በጣም ቆይቶ ነው።

ኮምፒዩተሩ ሲለመድ ፎንት መጣ። ፎንት የምንለው አንድ ዓይነት መልክ የተሰጣቸው ፊደላት በሙሉ ያሉበትን ስብስብ ነው። በመጀመሪያ አራት ነበሩን። ቀስ በቀስ ደንበኛ ሁሉ በፍላሽ የየራሱን ይዞ መምጣት ጀመረ፤ እኛም ያገኘነውን ሁሉ ሰበሰብን፤ ሁለት መቶ ገደማ ደረሱ። ሁሉም አንድ ላይ ሲጫኑ አሮጌው ማሽናችን ማቃሰት ያዘ። ጠዋት አስነስተነው ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ገና እየተነሣ ነው። ስማቸው ደግሞ ምንም አይነግርህም፤ የፈረንጅ ቁጥርና ፊደል ነው። ለሠርግ የሚሆነውን ለማግኘት አንድ በአንድ እየከፈትን እናይ ነበር። ግማሽ ቀን ለአንድ ፊደል!

ከዚህ ያወጣችን ሰናይት ናት። ሰናይት ኮምፒዩተር ተምራ የመጣች የሥራ ባልደረባችን ስትሆን ከሁላችንም ዕድሜዋ ያነሰ፣ ከሁላችንም ትዕግሥቷ የበዛ ነበር። አንድ ቀን ከኢንተርኔት በነፃ ያገኘችውን ትንሽ ፕሮግራም ጫነችልን። መስኮት የለው፣ ሥዕል የለው፣ በማውስ የሚነካ ነገር የለው። ጥቁር ስክሪን ነው፤ ትእዛዙን በጽሑፍ ትሰጠዋለህ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ፎንት የፈለግኸውን ቃል ትሰጠዋለህ፤ አንድም ሊሆን ይችላል አሥርም። በኋላ ቃሉን ስትጽፍ ያንን ቃል የተሰጣቸው ፎንቶች ብቻ ተጠርተው ይመጣሉ፤ ሥራህን ስትጨርስ ‘ተመለሱ’ ትላቸዋለህ፤ ማሽኑም እፎይ ይላል። እኛ ‘ጠሪው’ ብለን ስም አወጣንለት።

እኔ ጥቁሩን ስክሪን ሳየው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ማውስ እጃቸው ላይ እንደ አይጥ የሚያመልጣቸው ጋሽ አንተነህ ግን ገና ሲያዩት ወደዱት። «ይኼ ሸጋ ነው» አሉ። «ሳጥናችንን ይመስላል። እኔ ስለቅም እያንዳንዱ ፊደል የት እንዳለ እጄ ያውቀው ነበር። ይኼ ደግሞ ፊደሉ ለምን እንደሚያገለግል ይጠይቀኛል።»

«ቃሎቹን ማን ይስጣቸው ታዲያ?» አለች ሰናይት።

«እኔ ነኛ» አሉ።

ይህን ያሉት ቸኩለው ነው፤ መቸኮላቸውም ምክንያት ነበረው። የዓይን ግፊት እንዳለባቸውና የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ሐኪም ነግሯቸው ነበር። የግራው ዓይናቸው ከጎን የሚመጣውን ሰው አያይም። ያን ሁሉ ዓመት ያዩትን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ማስታወሻ የሚባል ነገር አልጻፉም። ዓይናቸው ሳይጠፋ ያወቁት ሁሉ ጠሪው ውስጥ ካልገባ አብሮ ሊጠፋ ነው። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲያልቅ እሳቸው ናሙናውን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ እኔ ቁጭ ብዬ የሚሉትን እጽፋለሁ። የሚሉትም እንዲህ ያለ ነበር። «ቀለም ጠጪ» ሲሉ፣ ሸካራ ወረቀት ላይ ሲታተም ቀለሙ ሰርጎ ክፍት ቦታውን የሚደፍን ፊደል ማለታቸው ነው። «ዝናብ ቻይ» ክረምት ከዝናቡ ማዶ የሚነበብ፣ ለሰሌዳ የሚሆን። «ለሽማግሌ ዓይን»። «ለቅሶ ቤት የሚገባ»። ስክሪን ላይ አምሮ ወረቀት ላይ የሚያሳፍረውን «ውሸታም» ይሉታል። ለአገራቸው ቋንቋ ለአዊኛ ብቻ የሚያስፈልጉትን ፊደላት አሟልቶ የያዘውን «አዊኛ ያውቃል» ይሉታል፤ ይህችን ቃል ሲሰጡ ፊታቸው ይፈካል። እየሳቅሁ እጽፍ ነበር። ሁሉንም ጨርሰን በዓመቱ ጡረታ ወጡና ዳንግላ ገቡ። ወንበራቸው ለእኔ ተሰጠኝ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስሁ።

ኃላፊ በሆንሁ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከበላይ ጎብኚዎች እንደሚመጡ ተነገረን። ክፍላችን በዘመናዊ መንገድ እንደሚሠራ አሳያለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ። ከዚያ ጠሪውን ሳየው አፈርሁ። እነዚያ የተከበሩ ሰዎች ፊት ‘ቀለም ጠጪ’ ብዬ ልጻፍ? ‘ውሸታም’ ልበል? ሰናይት የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች፤ የሚከለክለኝ አልነበረም። ቁጭ ብዬ የጋሽ አንተነህን ቃሎች አንድ በአንድ ሰረዝሁ። በምትካቸው ‘ቀጭን’፣ ‘ወፍራም’፣ ‘ርዕስ’፣ ‘ዘመናዊ’ ብዬ ሞላሁ። ቅጂ እንኳ አላስቀረሁም። ጎብኚዎቹ መጡ፤ ጥቁሩን ስክሪን ለሁለት ደቂቃ ያህል አይተው «ጥሩ ነው» ብለው ለምሳ ሄዱ። ያን ሁሉ ያጠፋሁት ለዚህ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የመዥገር መድኃኒት አበጣጠር የሚያሳይ ወረቀት እንድናትምለት መጣ። ለአንድ ባልዲ ውሃ ስንት ክዳን መድኃኒት እንደሚገባ የሚናገር ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ነው። ‘ቀጭን’ ብዬ ጠራሁ። አንድ የሚያምር፣ ጫፉ ሁሉ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ፊደል መጣ፤ ቁጥሮቹም እንደዚያው። ስክሪኑ ላይ ደስ አለኝ። ወደ በር አልወጣሁም፤ ጥበቃውንም አልጠራሁም። በርካሹ ሸካራ ወረቀት ታትሞ ሄደ።

ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ አቶ ፈንቴ ይባላሉ። ወረቀቱን አንብበው መድኃኒቱን በጠበጡ፤ ቦራ የሚሉትን በሬያቸውን አጠቡት። በሬው አረፋ ደፍቆ እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። እርሻ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ሞተ።

የማኅበሩ ሰው መጥቶ ሲነግረኝ አብሬው ሄድሁ። አቶ ፈንቴ አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው በር ላይ ቆማለች፤ አንድ ጎረቤት ደግሞ በአዊኛ የሆነ ነገር ይላቸዋል። እኔን ሲያዩ ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

«አንተ ነህ የጻፍኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እስቲ አንብበው። ስንት ክዳን ይላል?»

እኔ የጻፍሁት 3 ነው። በእጄ ጽፌዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ወረቀቱን ተቀበልሁና አየሁ። ቀለሙ ሰርጎ የተጠቀለሉትን ሁለቱን ጫፎች ገጥሟቸዋል። ላነብ የቻልሁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስምንት» አልሁ።

አቶ ፈንቴ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ሰማሽ? ስምንት ነው የሚለው። እኔ አላጠፋሁም» አሏት። ከዚያ ለእኔ «ሳያነብ ገደለው እያለ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማኝ ሰነበተ። ትምህርቴ አራተኛ ነው፤ ግን ቁጥር ይጠፋኛል?» አሉኝ። መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

የበሬው ነገር በሽማግሌ ታየ፤ ማተሚያ ቤቱም የበሬውን ካሳ ከፈለ። ለዚያ ዓመት እርሻ ግን አልደረሰም። አቶ ፈንቴ የቀራቸውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር መቀናጆ አድርገው በተራ አረሱ፤ መሬታቸውም ዘግይቶ ተዘራ። የተሰራጨውን ወረቀት ከማኅበሩ ሰው ጋር ቤት ለቤት እየዞርን ሰበሰብን። ሌላ ከብት አልሞተም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ሰናይት ከወሊድ ስትመለስ ያደረግሁትን ነገርኋት። «ጋሽ ሙሉቀን፣ ያ ፎንት እኮ ‘ቀለም ጠጪ’ የሚል ነበረው። አስታውሰዋለሁ» አለችኝ። «የሌሎቹንስ ታስታውሻለሽ?» አልኋት። አታስታውስም። እኔም ከአሥር የማይበልጡትን ነው። «ይሂዱና ይንገሯቸው፤ ሌላ መንገድ የለም» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ወረድሁ። ጋሽ አንተነህ በረንዳ ላይ ነበሩ። በድምፄ ነው ያወቁኝ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለየው አልነበረም። ሁሉን ነገርኋቸው፤ መሰረዜንም፣ ማፈሬንም፣ ወረቀቱንም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«የበሬው ስም ማን ነበር?» አሉ።

«ቦራ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሼ፣ ቃሎቹ ጠፍተዋል። እርስዎ ደግሞ አሁን…» አልሁ።

«እኔ ዓይን የለኝም» አሉ። «አንተ ግን አለህ። እስከ ዛሬ አልሠራህበትም እንጂ። ፊደሎቹን ሁሉ በትልቁ አትመህ በሚመጣው ቅዳሜ አምጣልኝ።»

አመጣሁ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ በሦስት ሰሃን እህል አቀረቡልን፤ በአንዱ ጤፍ፣ በአንዱ ምስር፣ በአንዱ ሽንብራ። «የሚበላ ነገር መጫወቻ አደረጋችሁት» እያሉ ነው ያቀረቡት። ሥራው እንዲህ ነበር። ሁሉም ፎንት በአንድ ልክ ታትሟል። እኔ በየፊደሉ ክፍት ቦታ ውስጥ፣ በ‘መ’ ክቦች፣ በ‘ሀ’ አፍ፣ በየቁጥሩ ጉርጓድ የሚገባውን ፍሬ አስቀምጣለሁ። እሳቸው ጣታቸውን ቀስ አድርገው ያሳልፋሉ። ሽንብራ የሚያስገባው በማናቸውም ወረቀት አይደፈንም። ምስር የሚያስገባው ደህና ወረቀት ይፈልጋል። ጤፍ ብቻ የሚያስገባው ቀለም ጠጪ ነው። ከዚያ ይጠይቁኛል፦ «እግሩ ከላይ ነው ከታች የሚከብደው?» «‘ሰ’ንና ‘ለ’ን ከሩቅ ብታያቸው ይምታታሉ?» «ገልብጠው። አሁንስ ምን መሰለህ?» እኔ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፤ ካልጠራላቸው «እንደገና እይ» ይሉኛል። እንደገና ሳይ ቅድም ያላየሁትን አያለሁ። አንዳንድ ጊዜ እኔ ሳልጨርስ «ኣሃ፣ እሱ ነው! ዝናብ ቻዩ ነው፤ እንዴት ሰነበተ?» ብለው እንደ ቀድሞ ወዳጅ ይስቃሉ።

ከመስከረም እስከ ፋሲካ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለስሁ። ፊደል አያለሁ ብዬ ስኖር፣ ማየት ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ ሰው ዓይነ ስውር ናቸው። ሰው ይህን ያህል የሚያውቀውን ነገር ለበደለው ሰው በፍጹም ደስታ ሲሰጥ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም። ስወዳቸው ኖሬአለሁ፤ በእነዚያ ቅዳሜዎች ግን አከበርኋቸው።

በመጨረሻው ቅዳሜ ወረቀቶቹን ሰብስቤ «ጨረስን ጋሼ» አልኋቸው።

«አልጨረስንም» አሉ። «አንድ ይቀራል። በሬውን የገደለው የት አለ?»

«እሱን ከማሽኑ ላጠፋው ነው።»

«ፊደሉ ምን በደለ?» አሉ፤ ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። «አምጣው!»

ከቦርሳዬ ሥር አወጣሁት። በ3 አፍ ውስጥ ጤፍ ለማስገባት ሞከርሁ፤ እምቢ አለ። ጣታቸውን አሳለፉበት።

«ጻፍ» አሉ። «ቀለም ጠጪ። ለለስላሳ ወረቀት። ለሠርግ ጥሩ። መድኃኒት አይነካም።» ጥቂት አሰቡ። «አንድ ቃል ጨምርበት። ስምህን ጻፍበት።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ስሜን ጻፍሁ።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ግብዣ አደረጉልኝ። ሰናይት የስንብት ካርድ ልትሠራልኝ ጠሪው ላይ ስሜን ጻፈች፤ ያ ፊደል ብቻውን መጣ። እኔን ልትተካ የመጣችው አዲሷ ሠራተኛ ከኋላዋ ቆማ ታይ ነበር።

«ቀለም ጠጪ ገባኝ፣ ዝናብ ቻይም ገባኝ» አለች። «‘ሙሉቀን’ ማለት ግን ምን ማለት ነው?»

ሰናይት እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

«ተጠንቀቂ ማለት ነው» አለቻት።